አቧራ ያልነካቸው ሽማግሌዎች

አውሮፕላንን የፈለሰፈው ሰው ሽማግሌ ልኮ ሚስት አስጠይቆ አያውቅም። በዚህ ጉዳይ ከፈለጋችሁ እስከ ነገ እንከራከር! ቢያውቅማ ኖሮ ወይ ነገሩን ገና ከጅምሩ ይተወው ነበር፣ ወይ ደግሞ ተሳፋሪው ሲወርድ ትንሽ አቧራ የሚነሰንስበት ነገር በሩ ላይ ይገጥም ነበር። “ደግሞ አውሮፕላንና ሚስትን ምን አገናኛቸው?” ትሉኝ ይሆናል። እኔ ነኛ ያገናኘኋቸው... ቁጭ በሉና ልንገራችሁ።

ዘመኑ ሰማንያዎቹ ነው። እኛ ቤተ እስራኤሎች ከጎንደር በሱዳን በኩል እስራኤል መጥተን ሃይፋ ከሰፈርን ጥቂት ዓመት ሆኖናል። እኔ ወደብ ላይ በፈረቃ እሠራለሁ፤ ማታ እዚያው ሃይፋ ሥር ባለችው ነሸር፣ የሲሚንቶ ፋብሪካው ፊት ለፊት ከሚያየን ፎቅ ላይ፣ ከአጎቴ ቤት አድራለሁ። ላጤ ነኝ። ልቤ ግን ላጤ አልነበረም፤ ቤር ሸቫ በተደረገ የዘመድ ሰርግ ላይ ትርንጎ የምትባል ልጅ አይቼ ነበር። እሷም አይታኛለች። መልኳን እንዳልዘረዝርላችሁ ይቺ ዓምድ አትበቃኝም።

ችግሩ ቤተሰቦቿ የሚኖሩት ኢላት መሆኑ ነው። ሃይፋ የአገሩ ትከሻ ላይ ብትሆን ኢላት የእግሩ ጣት ላይ ናት፤ ከዚያ ወዲያ ባሕር ነው። ስለዚህ ፍቅራችን በስልክ ሆነ። ያኔ የሕዝብ ስልክ የሚበላው አሲሞን የምንላትን፣ መሐሏ የተበሳች ሳንቲም መሳይ ነገር ነበር። ኪሴን በአሲሞን ሞልቼ ስራመድ ቃጭል እንዳሰረች በቅሎ ከሩቅ እሰማ ነበር። የሰፈሩ ሰው ድምፁን ሲሰማ “ሊደውል ነው” እያለ ይስቅብኛል።

አንድ ቀን ታዲያ ትርንጎ ሰላምታዬን እንኳ ሳታስጨርሰኝ፣ “ከአሽቀሎን ሽማግሌ ሊመጣብኝ ነው” አለችኝ። “ለሌላ ልጅ ነው። አባቴ ልጁን ባያውቀውም አባቱን ያውቀዋል። አንተ የምትልክ ከሆነ አሁን ላክ።” እንዴት፣ መቼ፣ ብዬ ልጠይቅ ስል አሲሞኑ አለቀና ስልኩ ተቋረጠ። ቆሜ ቀረሁ። አሲሞን ፍለጋ ኪሴን አሥር ጊዜ ገለበጥኩ፤ አላጋነንኩም። እሺ፣ ትንሽ አጋንኛለሁ፤ የገለበጥኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

መቼም በእኛ ወግ ልጁ ራሱ ሄዶ “ልጅዎን ይስጡኝ” አይልም። ደጅ እንኳ አይታይም። ዘር ቆጠራው በዘመድ በኩል ተጣርቶ አልቋል፤ ዝምድና የለንም፤ የቀረው ሦስት የተከበሩ ሰዎች መላክ ነው። የመጀመሪያው አጎቴ አባ ተገኝ ናቸው። አባ ተገኝ “እንደምን አደራችሁ” ለማለት እንኳ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው ነው። ሁለተኛው አያ ፈረደ፣ አዲስ ነገር ሲያዩ ደስታ የሚያሰክራቸው ሰው ናቸው፤ ሊፍት ያወቁ ሰሞን ሰው ለመጠየቅ የሚሄዱት ቤቱን እየመረጡ፣ ከላይኛው ፎቅ የሚኖር ዘመድ ብቻ ነበር። ሦስተኛው አባ መኩሪያ ናቸው። እሳቸው አይናገሩም። ሽምግልና የሚጠሩት ለዝምታቸው ነው፤ ጥግ ይዘው ሲቀመጡ ነገሩ ሁሉ ክብደት ያገኛል።

አሁን መንገዱን እናስላ። በአውቶቡስ ከሃይፋ ኢላት ቀኑን ሙሉ ነው። እኔ ደግሞ ያለችኝ የእረፍት ቀን ዓርብ ብቻ ናት፤ ሽማግሌዎቹ ዕብራይስጥ ማንበብ ስለማይችሉ ያለ እኔ አይሄዱም፤ ዓርብ ማታ ሰንበት ከገባ ደግሞ እስከ ቅዳሜ ማታ መንገድ የለም። እዚያው ሰንበትን እንዋል ብላቸው አባ ተገኝ “ልጅ ሊጠይቁ ሄዶ ሦስት ማዕድ መብላት መለማመጥ ይመስላል” ብለው ዘጉት። ጭንቅላቴን ይዤ ስቀመጥ ነው ወደብ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሞሮኳዊ የገላገለኝ። ከነዳጅ ማጣሪያው ማዶ ካለችው ትንሿ አየር ማረፊያ ተነስቶ ኢላት የሚወርድ አውሮፕላን አለ አለኝ። ስንት ይፈጃል? ከአንድ ሰዓት ትንሽ ፈቀቅ ቢል ነው። ብድግ ብዬ ሳምኩት። ጠዋት ሄደን፣ ልጅቷን ጠይቀን፣ ሰንበት ሳይገባ ሃይፋ!

ዓርብ ጠዋት ሽማግሌዎቼን አሰማመርኳቸው። ጋቢያቸው ታጥቦ ተተኩሷል። ጫማቸውን እኔው ራሴ ፊት እስኪያሳይ ድረስ ወለወልኩ። አየር ማረፊያው ላይ ፈታሿ ሦስቱን ዘንግ ስታይ ግራ ተጋባችና ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። “ለመመርኮዝ” አልኳት። “ለበረራ?” አለች። ዘንጎቹ ከሻንጣ ጋር ተጫኑ። አያ ፈረደ በመስኮቱ በኩል ተቀመጡና፣ ከሱዳን የመጣንበት አውሮፕላን ሰው በሰው ላይ የታጨቀበት ስለነበር ውጭውን አለማየታቸውን፣ ዛሬ ግን እግዜር እንደ ካሳቸው ነገሩኝ። ሻይ መጣላቸው። ባሕሩን አሳዩኝ፣ ተራራውን አሳዩኝ፣ በረሃውን አሳዩኝ። ሻዩን ሳይጨርሱት “ቀበቶ እሰሩ” ተባለ። ደርሰናል!

የትርንጎ ቤት ምድር ቤት ነው። እኔ መታየት ስለሌለብኝ ከመስኮቱ ሥር፣ ከተሰጣው ልብስ ኋላ ተደበቅሁ። የኢላትን ሙቀት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁ ምጣድ ላይ የተረሳ ቂጣ አስቡ። ከአንሶላ መሐል ሆኜ ግን ሁሉን እሰማለሁ፣ በስንጥቁም አያለሁ።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ በር ላይ ቆሙ። የትርንጎ አባት አባ ይርጋ ቀጥ ያሉ፣ ረጅም ሰው ናቸው። ግቡ አሉ። እናቷ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አቅርበዋል፤ ከሩቅ ለመጣ እንግዳ እግር ይታጠባል፣ የአገራችን ክብር ነው። ጫማ ወለቀ። ካልሲ ወለቀ። ከዚያ... ሁሉም ወደ ታች አዩ። ከካልሲው ውስጥ የወጣው እግር አሁን ከሳሙና የተላቀቀ ይመስላል። እናቷ ውሃውን አዩ፣ እግሩን አዩ፣ እንደገና ውሃውን አዩ። ከሁለቱ ንጹሑ እግሩ ነበር።

አባ ይርጋ ቀስ ብለው፣ መንገድ እንዴት እንደነበር ጠየቁ። እዚህ ላይ አባ ተገኝ ሊናገሩ ጉሮሯቸውን መጥረግ ጀመሩ። ወይኔ የእሳቸው ጉሮሮ! ተጠርጎ ሳያልቅ አያ ፈረደ ቀደሙ።

“ምን መንገድ አለ ብለው ነው!” አሉ በደስታ። “ቁርሳችንን በልተን ተነሳን፤ ሻይ ሰጡኝ፤ ሻዩን ሳልጨርሰው ውረድ አሉኝ።”

እኔ አንሶላውን ነከስኩት።

አባ ይርጋ ድምፃቸውን ሳያነሱ ተናገሩ። “እናቷን ሳስጠይቅ አባቴ የላካቸው ሽማግሌዎች ሁለት ወንዝ ተሻግረው፣ አንዱ በቅሎው ገደል ገብታበት፣ አንክሶ ነው የደረሰው። አማቴ ያን እግር አይቶ ነው ልጁን የሰጠኝ። ይቺ ልጅ ደግሞ ሱዳን ሳንደርስ በረሃው ላይ ወድቃብኝ በትከሻዬ ተሸክሜ ያወጣኋት ናት። በአንድ ብርጭቆ ሻይ አትጠየቅም።”

አባ ተገኝ በመጨረሻ ጉሮሯቸው ተከፍቶላቸው፣ ከሃይፋ እስከዚህ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚሆን ተናገሩ።

“ኪሎ ሜትሩን እግራችሁ ያውቀዋል?” አሉ አባ ይርጋ። አያይዘውም፣ ከአሽቀሎን የሚመጡት ሰዎች በአውቶቡስ እንደሚመጡ፣ እነሱንም ሳይሰሙ ቃል እንደማይሰጡ አስታወቁ።

እስቲ ፍረዱኝ! ካርታ ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው አሽቀሎን ለኢላት ከሃይፋ ይልቅ ትቀርባለች። በአባ ይርጋ ሒሳብ ግን እኛ ጎረቤት ሆንን፣ አሽቀሎን ሩቅ አገር ሆነች። ደመወዜን አራግፌ በገዛሁት ትኬት መንገዱን ከሰውዬው ዓይን ላይ አጠፋሁት። ከልጅቷ ጋር የሚያገናኘኝ ብቸኛው ነገር ርቀቱ ነበር፣ እሱንም እኔው በላሁት።

በዚህ መሐል አንሶላው ተገለጠና የትርንጎ እናት ቀዝቃዛ ውሃ በብርጭቆ ይዘው ፊቴ ቆሙ። ማን እንደሆንኩ አልጠየቁኝም። ጠጣ አሉኝ፤ ጠጣሁ። “አሽቀሎኖቹ ሳይመጡ መልሰህ አምጣቸው” አሉ በሹክሹክታ። “በመሬት አምጣቸው።” ብርጭቋቸውን ተቀብለው ልብስ እንደሚሰበስብ ሰው እያንጎራጎሩ ገቡ።

በመልሱ በረራ አያ ፈረደ እንኳ ሻይ ሲመጣላቸው በእጃቸው ገፉት። በመስኮቱ ግን ሰርቀው ያዩ ነበር፤ አይቻቸዋለሁ።

ቅዳሜ ማታ ሰንበት እንደወጣ አለቃዬ ቤት ሄድኩና ሁለት ቀን ፈቃድ ጠየቅሁ። ምክንያት ተባልኩ። በዕብራይስጥ “ሦስት ሽማግሌዎች አቧራ ላስነካ ነው” ብዬ ማስረዳት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ሞክራችሁት አታውቁም። እየደጋገምኩ አስረዳሁት፤ አቧራ፣ በረሃ፣ እግር፣ ሽማግሌ። ሰውዬው ቀስ በቀስ ፊቱ በራ። ለጤናቸው ብዬ ሙት ባሕር ጭቃ ልቀባቸው የምወስዳቸው መስሎት ኖሮ፣ “ቤሰደር፣ ቤሰደር” (እሺ፣ እሺ ማለት ነው)፣ “ለእናቴም ጥሩ ነበር” ብሎ ፈቀደልኝ። እኔም አመስግኜ ወጣሁ።

እሁድ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈርን። አሁን ደግሞ ምን ሆነ መሰላችሁ? አውቶቡሱ አዲስ ነው! ወንበሩ ወደ ኋላ ይተኛል፣ ከላይ ቀዝቃዛ አየር ይነፍሳል፣ መስኮቱ አይከፈትም። ቤር ሸቫ ስንደርስ ሽማግሌዎቼ ከተነሱበት ይልቅ አምሮባቸዋል። አያ ፈረደ ጠግበው ተኝተው ጉንጫቸው ወዝቷል።  ቀኑን ሙሉ ተጉዘን እንደገና እንደ ሙሽራ ልንደርስ ነው!

አያ ፈረደ፣ ያለፈውን ስላበላሹ ሊክሱኝ ፈልገው፣ የሚቀጥለው ማረፊያ ላይ ወርደን አሸዋ ላይ ትንሽ እንንከባለል የሚል ሐሳብ አመጡ። አባ ተገኝ ተቆጡ። “ተንከባልዬ ያገኘሁትን አቧራ ይዤ የሰው ልጅ አልጠይቅም” አሉ። ዕድሜያቸውን የቆጠሩት ለእንዲህ ያለ ቲያትር እንዳልሆነም ጨመሩበት። እውነታቸውን ነው፤ ግን በዚያች ሰዓት እኔ ብቻዬን ብሆን እንከባለል ነበር።

እግዜር ግን አያሳፍርም። በረሃው መሐል ካለች ማረፊያ አውቶቡሱ ቆመ። አባ መኩሪያ ማንንም ሳያናግሩ ወርደው፣ ከአንድ የግራር ዛፍ ኋላ ሄደው ጸሎታቸውን ጀመሩ። ጸሎት ደግሞ አይቋረጥም። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፤ አባ መኩሪያ አልዞሩም። ሽማግሌ ጥሎ መሄድ ስለማይሆን ሁላችንም ወረድን፤ አውቶቡሱም፣ አያ ፈረደን ሦስት ጊዜ ያስተኛውን ወንበር ይዞ፣ እብስ አለ። አባ መኩሪያ ጨርሰው መጡና ባዶውን መንገድ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ያው እንደ ልማዳቸው ቃል አልተነፈሱም።

ፀሐዩ አናታችንን ሲጠብሰን ቆይቶ ሽንኩርት የጫነ መኪና አዘነልን። ሾፌሩ ከኋላ፣ ከጆንያዎቹ ላይ አወጣን። ነፋሱ የበረሃውን አቧራ እየዛቀ ያለብሰናል፤ ከሥራችን ደግሞ የተጨፈለቀው ሽንኩርት ዓይናችንን ያቃጥላል። አያ ፈረደ ትርፍ ጋቢያቸውን አከናነቡኝ። ዓይናችን እያነባ፣ በሽንኩርት ላይ እየዘለልን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኢላት ገባን።

በሩ ላይ ስንደርስ የአባ መኩሪያ እግር ደንዝዞ አልራመድ አላቸው። ደግፌ አደረስኳቸውና ወደ አንሶላዬ ልሮጥ ስል በሩ ተከፈተ። አባ ይርጋ አዩን። አራት ግራጫ ሰው፣ አራታችንም እያለቀስን።

“እግዚኦ... ምን አገኛችሁ?” ብለው እጃቸውን ዘርግተው ሁላችንንም ወደ ውስጥ ሳቡን። እኔንም! ልወጣ ብል አልለቅ አሉኝ። ፀጉሬና ጢሜ በአቧራ ነጥቶ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ ዘንግ ይዤ (የአባ መኩሪያን ነው) ከሁሉ የባስኩ አዛውንት መስያቸዋለሁ። ከፍ ካለው መቀመጫ ላይ አስቀመጡኝ። አባ ተገኝ ሊያስረዱ ጉሮሯቸውን መጥረግ ጀመሩ... ያን ጉሮሮ ታውቁታላችሁ።

አባ ይርጋ ዞር ብለው “አባቴ” አሉኝ በትህትና፤ “ያለፈው ጊዜ አልመጡም ነበር። ልጁን ያውቁታል?”

“አውቀዋለሁ” አልኩ፣ ድምፄን አሻክሬ።

“ይጠጣል?”

“ኧረ አይነካካውም።”

“ሰነፍስ?”

ሽማግሌ ሆኜ መዋሸት አልሆነልኝም። “ጠዋት ጠዋት እንቅልፍ ይወዳል” አልኩ። ከማድቤት አንድ ሳህን ወደቀ፤ የታፈነ ሳቅም ተሰማ።

እግር ማጠቢያው መጣ። ሳፋውን የያዘችው ትርንጎ ናት። አባቷም እንደ ወጉ ከታላቁ እንድትጀምር አዘዟት፤ ታላቁ ደግሞ እኔ ነኝ! ፊቴ ተንበርክካ ቀና ብላ አታየኝም፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይርገበገባል። ውሃው ቡና መሰለ። አቧራው ሲለቅ ከሥሩ የሃያ ዓመት ምናምን ጎረምሳ እግር ብቅ አለ። እናቷ ጣራውን ያያሉ። አባ ይርጋ እግሩን አዩ፣ ከዚያ ጢሜን አዩ፣ መልሰው እግሩን አዩ።  አለቀልኝ! ደጅ መታየት የሌለበት ልጅ መሐል ቤት ከፍ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጦ ለራሱ ሲመሰክር ተያዘ። አሽቀሎኖቹ ሰርግ ላይ ቁጭ ብዬ ስበላ ታየኝ።

“ራሱን በራሱ የሚያስጠይቅ ሽማግሌ” አሉ አባ ይርጋ በዝግታ፣ “ዛሬ ገና አየሁ።” ይሳቁ ይቆጡ ከድምፃቸው አይታወቅም። አባ ተገኝ አንገታቸውን ደፉ። 

ያን ጊዜ ነው ከጥግ በኩል አባ መኩሪያ የተናገሩት።

“ልጁ ለዚህች ልጅ ብሎ በአንድ ቀን አርጅቷል” አሉ። “ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?”

ሁላችንም ዞረን አየናቸው። አባ መኩሪያ ሲናገሩ የሰማ ሰው ያዳምጣል፤ ዕድል ሁለተኛ አይመጣማ! አባ ይርጋ መጀመሪያ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሳቁ፤ ረጅሙ ሰውዬ እስኪታጠፉ ድረስ ሳቁ። ትርንጎም ሳቀች፤ እግሬንም እንደያዘች ቆነጠጠችኝ። እኔ? ሽንኩርቱ ነው ብዬ ነበር፣ ግን ያኔ እውነቴን ነው ያለቀስኩት፤ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

“አሁን መጣችሁ” አሉ አባ ይርጋ ዓይናቸውን እየጠረጉ። ልጅቷንም፣ ፈቃደኛ መሆኗን በፊታችን ጠይቀው፣ ሰጡኝ። ለአሽቀሎኖቹም እንዳይለፉ መልእክት እንደሚልኩ ነገሩን።

ማዕዱ ቀርቦ፣ ተበልቶ፣ ልባችን ሲረጋ አባ ይርጋ ጎኔ ተቀመጡና፣ ልጃቸው ሃይፋ ከገባች በኋላ እንዴት እየመጣች እንደምትጠይቃቸው ጠየቁኝ። እኔ ደግሞ ትምህርቴን ተምሬያለሁ አይደል? ደረቴን ነፍቼ፣ “በአውቶቡስ ነዋ አባቴ! ቀኑን ሙሉ፣ አቧራ እየጠጣች!” አልኳቸው።

“ምን አልክ?” አሉ ቆፍጠን ብለው። “ልጄን? ቀኑን ሙሉ? እንዲያ ያለ አውሮፕላን እያለ! ቁርሷን በልታ ትነሳ፣ ሻይዋን ሳትጨርስ እዚህ ትድረስልኝ።”

ተናድጄ ነበር ያን ጊዜ። ሰው ለመንገድ ሁለት ልክ ይኖረዋል? ለሚወስዳት ሩቅ፣ ለምትመጣው ቅርብ? ይሄ ምን ዓይነት ፍርድ ነው ብዬ ለዓመታት ለሰው ሁሉ ሳማርር ኖርኩ። በየበዓሉ አየር ማረፊያ እየሸኘኋት ሳማርር፣ እየተቀበልኳት ሳማርር...

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ስልክ ተደወለ። ልጃችን ደርሳለች። ልጁ እዚሁ ከሃይፋ አጠገብ የክርያት ቢያሊክ ልጅ ነው፤ ጨዋ ነው፣ ሥራ አለው፣ ቤተሰቦቹ ሽማግሌ ሊልኩ ነው። ከክርያት ቢያሊክ እኛ ቤት አንድ አውቶቡስ ነው፤ ወንበሩ ሳይሞቅ ይደረሳል። ልጄ ፊት ለፊቴ ቆማ፣ እንደ ዘመኗ አንተ እያለች፣ “አባ፣ ይምጡ ትላቸዋለህ አይደል? ቤሰደር?” አለችኝ።

ቤሰደር አልኳት፤ በኢላት በኩል ዞረው ይምጡ።